ከወገብ ወይስ ከጭን?

(በተማሪዎች ማኅበር የስፖርትና የጉዞ ክፍል ስብሰባ ላይ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ስለ ትልቅ የአገር ጉዳይ ልንናገር አይደለም። የመጣነው ስለ መታጠቂያ ልንናገር ነው። ይህን ስንል ከኋላ ወንበር ያላችሁት ፈገግ ማለታችሁን እናያለን፤ እኛም እስካለፈው ጥር ወር ድረስ እንደ እናንተው ፈገግ እንል ነበር።

ጉዳዩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የጉዞ ክፍላችን በዓመቱ ውስጥ ካጠራቀመው መዋጮ ለገደል ጉዞ የሚያገለግል ዕቃ እንዲገዛ ተፈቅዷል። ገንዘቡ ወይ ስድስት የወገብ መታጠቂያ ይገዛል፤ ወይ ሦስት የመቀመጫ መታጠቂያ ይገዛል፤ ሁለቱንም አይገዛም። የወገብ የምንለው ምሰሶ ላይ የሚወጡ ሠራተኞች የሚታጠቁት ዓይነት፣ እንደ ሰፊ ቀበቶ ሆኖ ወገብን ብቻ የሚይዘው ነው። የመቀመጫ የምንለው ደግሞ ከቀበቶው በታች ሁለቱን ጭኖች የሚያቅፉ ሁለት ቀለበቶች ያሉትና ሰው በገመድ ሲንጠለጠል እንደ ወንበር የሚያስቀምጠው ነው። ባለፈው ስብሰባ አብዛኞቻችሁ ስድስቱ ይሻላል ብላችኋል፤ ምክንያታችሁም ግልጽ ነው፤ ስድስት ከሦስት ይበልጣል። እኛ ግን ሦስቱ እንዲገዛ ልንለምን ነው የመጣነው። የፊታችን ዓርብ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እንድንናገር ሰብሳቢው ስለ ፈቀዱልን እናመሰግናቸዋለን።

መጀመሪያ በጥር የሆነውን እንንገራችሁ። ወሬው በግቢው ውስጥ ተዛብቶ ስለ ተነገረ፣ አንዳንዱም ጓደኛችንን ገመድ አዳነው እያለ ስለሚያወራ፣ እውነቱን ከእኛው አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

ዘጠኝ ሆነን ከጎንደር ተነሥተን ዳባትን አልፈን ደባርቅ አደርን። በማግሥቱ በማለዳ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ሄድን። የታሪክ ተማሪዎች እንደምታውቁት፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን መንገድ የቀደዱበት፣ በወልቀፊት የመሸገው ጦራቸውም ከአገሩ ነጻ መውጣት በኋላ እንኳ ወራት ቆይቶ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠበት ስፍራ ነው። ከአፋፉ ሆኖ ቁልቁል ወደ ዛሪማ በኩል ሲያዩት መሬቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። እኛም ወጣትነታችን ገፋፍቶን ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ቂጣ ስንበላ፣ የአንዳችን ከረጢት ተንከባልሎ ከእኛ በታች ስምንት ሜትር ያህል ርቃ ባለች አንዲት እርከን ላይ አረፈ። በከረጢቱ ውስጥ የነበረው አንድ ሹራብና አንድ የሒሳብ ደብተር ነው። ሰው ለዚህ ገደል መውረድ አልነበረበትም፤ ይህን አሁን እናውቃለን።

ገመድ ይዘን ነበር። ጓደኛችንን ከወገቡ ላይ አንድ ጊዜ ዙረን፣ እንዳይሸመቅቅ ቋጠሮውን በደንብ አጥብቀን አሰርነው፤ አራታችን ከላይ ያዝን። ሣሩ በጥር ደርቆ ያንሸራትታል፤ የስሜን ድንጋይም ከሩቅ እንደሚታየው ጽኑ አይደለም፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራና ዝናብና ውርጭ ለዘመናት የበሉት ስለ ሆነ፣ እጅ ሲይዘው የሚነቀል ብዙ ነው። ሦስት ሜትር ያህል እንደ ወረደ የረገጠው ድንጋይ ከዳው። የወደቀው ከሁለት ሜትር አይበልጥም። ገመዱ ያዘው፤ እኛም ከላይ ሆነን ተመስገን አልን፤ እንዲያውም አንዳችን ሳቅን። ከዚያ በኋላ ስንጠራው በመጀመሪያ በቀጭን ድምፅ መለሰ፤ ቀጥሎ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ቀጥሎ ጭራሽ አልመለሰም።

ወደ ላይ ልንስበው ሞከርን፤ ገመዱ ከጠርዙ ድንጋይ ጋር እየተፋተገ አልንቀሳቀስ አለ። በመጨረሻ ወደ ታች ብንለቀው እንደሚሻል ያሰበው ከመካከላችን ዝምተኛው ነበር። ቀስ እያልን እርከኗ ላይ አሳረፍነው፤ እግሩ መሬት ሲነካ ገመዱ ላላ፤ እሱም እንደ ሰጠመ ሰው አየር ሳበ። ከመውደቁ እስከዚያ ድረስ በእኛ ግምት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ወገቡ ላይ ያሰርነው ገመድ ሸሚዙን ይዞ ወደ ላይ ተንሸራትቶ ከጎድን አጥንቶቹ ላይ፣ ከብብቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኋላ ራሱ እንደ ነገረን፣ ያመመው ወገቡን ሳይሆን፣ ትንፋሽ ካስወጣ በኋላ መልሶ ማስገባት እንዳልቻለ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲስቅና ሲያስነጥስ ጎኑን በእጁ ይዞ ነበር። ዛሬ እዚህ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናል።

ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የማንም አይደለም። ነገር ግን ገመዱ ሳይበጠስ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ያዦቹም ሳይለቁ፣ ሁሉ ነገር እንዳሰብነው ሆኖ ሳለ ሰው ሊሞትብን መቃረቡ እንቅልፍ ነሣን። ስለዚህ መጽሐፍ አገላበጥን፤ ሰው ጠየቅን፤ በራሳችንም ላይ ሞከርን።

ለመሆኑ ወገብን ለምን መረጥን? እውነቱን ለመናገር አልመረጥንም፤ አላሰብንም። ወገብ በቋንቋችንም በልማዳችንም ተመርጦ ያለቀ ነው። ለሥራ የሚነሣ ሰው ወገቡን ይታጠቃል፤ ታጠቅ ማለት ተዘጋጅ ማለት ነው። ገበሬው ሞፈር ከመያዙ በፊት ድጉን ወገቡ ላይ ይጠመጥማል፤ እናቶቻችንም እንስራ አዝለው ዳገት ሲወጡ መቀነታቸውን ያጠብቃሉ። እንዲህ ካደገ ልጅ እጅ ላይ ገመድ ሲገባ እጁ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ነገር ግን ድጉና መቀነቱ የሚሠሩትን ሥራ እንመልከት። የሚያገለግሉት በሁለት እግሩ ለቆመ ሰው ነው። የሰውየውን ክብደት የሚሸከመው እግሩ ነው፤ ድጉ ሆዱንና ጀርባውን ሰብስቦ ያጸናዋል እንጂ አይሸከመውም። በዚያ ላይ ድግ ብዙ ክንድ የሚረዝም ጨርቅ ተጠምጥሞ የሚሆን ሰፊ ነገር ነው። እኛ ያደረግነው፣ ሰውን ለማጽናት የተፈጠረውን ቦታ ሰውን ለመስቀል ማዋል ነው፤ ለዚያውም በጣት ውፍረት ባለ ገመድ።

ይህን ለጓደኞቻችን ስንናገር አንድ ዲያቆን ወንድማችን ጥሩ ክርክር አመጣብን። ደብረ ዳሞን ረሳችሁት ወይ አለን። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት ከመሠረቱት ከዚያ ገዳም ወንዶች እስከ ዛሬ የሚወጡት በተገመደ የቆዳ ጠፍር ነው፤ ገደሉም በዚያ በኩል 15 ሜትር ገደማ ነው፤ እንግዳ ሲመጣም ሌላ ጠፍር ከወገቡ ላይ ይታሰራል፤ መነኮሳቱም ከላይ ይስባሉ። ይህ ሁሉ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ስሕተት ነው ልትሉ ነው? ሲል ጠየቀን።

ስሕተት ነው አንልም። ነገር ግን አሠራሩን ልብ ብለን ስናየው ክርክሩ ለእኛ ሆኖ ተገኘ። በደብረ ዳሞ ጠፍሩ ሁለት ነው። አንደኛውን ወጪው በእጁ ጨብጦ በእግሩ ግድግዳውን እየረገጠ ይወጣበታል፤ ክብደቱ ያለው በእጁና በእግሩ ነው። የወገቡ ጠፍር የሚያግዘው ብቻ ነው፤ ከላይ ያለውም መነኩሴ ሳያላላ እየሰበሰበ ስለሚስብ ሰውየው ቢያዳልጠው ሁለት ሜትር ተወርውሮ አይወድቅም። እኛ ግን መወጫውን ገመድ ትተን አጋዡን ብቻ ወሰድን፤ እሱንም አላልተን ያዝን። ልምድ ያላቸው መነኮሳት በሥርዓት የሚያደርጉትን እኛ ግማሹን ቆርሰን ነው ያደረግነው።

በዚህ ጉዳይ የበለጠ ያስተማሩን ግን ደባርቅ ውስጥ ለተጓዦች በቅሎ የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከተራራው የተመለስን ዕለት ማታ ከግቢያቸው ገብተን ነበር፤ ጭነት ሲያወርዱ አገኘናቸው።

«አባባ፣ ጭነቱን ከበቅሎዋ ሆድ ዙሪያ ብቻ ብታስሩት አይበቃም?» አልናቸው።

«ለሜዳ ይበቃል፤ ስሜን የት አለ ሜዳ ልጆቼ?» አሉን። «ቁልቁለት ሲሆን ጭነቱ ተንሸራቶ ጆሮዋ ላይ ይመጣል። ዳገት ሲሆን በጭራዋ በኩል ትጥለዋለች። የሆዱን ጠፍር አጥብቄ ልያዘው ያልክ እንደ ሆነ ደግሞ ትንፋሽ አጥሯት ትተኛብሃለች። ለዚህ ነው ከደረቷና ከጭራዋ ሥር ጠፍር የምናሳልፈው። ሆድ ጭነት አይዝም፤ ሆድ የሚይዘው ገብስ ነው።»

ሳቅን፤ ነገር ግን ያን ሌሊት ብዙ አሰብንበት። ሰውዬው ስለ ጓደኛችን አደጋ አንድ ቃል አልሰሙም ነበር። በቅሎዋ ላይ የሚሆነውን ብቻ ነገሩን። የሆድ ማሰሪያ በላላ ጊዜ ይንሸራተታል፤ በጠበቀ ጊዜ ትንፋሽ ይከለክላል፤ የሚያጸናው ከበታች ወይም ከኋላ የሚይዝ ሌላ ነገር ሲኖር ነው።

በሰው አካል ላይም እንደዚሁ ነው። የወገብ ዙሪያ በአብዛኛው አጥንት የሌለበት ልስልስ ቦታ ነው፤ ከላይ የጎድን አጥንት፣ ከታች የዳሌ አጥንት አለ። ሰው ቆሞ ሲሄድ ቀበቶው በዳሌው አጥንት ላይ ያርፋል፤ ገመዱ ወደ ላይ ሲስበው ግን የሚያግደው ነገር ስለሌለ እስከ ጎድን ድረስ ይወጣል። እዚያ ሲደርስ ደረትንና ከሳምባ በታች ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ጨምቆ ይይዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል 60 ኪሎው በሙሉ በዚያች ቀለበት ላይ ይሆናል፤ ወድቆ ገመዱ በድንገት ሲይዘው ደግሞ ለቅጽበት ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሚሆን ኃይል ይመታዋል። ቀጭን ሰው ሲሆን ይብሳል፤ ዳሌው ከወገቡ ብዙ ስለማይሰፋ ቀበቶው የሚይዘው አጥቶ ፈጥኖ ይሸሻል፤ ከነጭራሹም በብብቱ በኩል ሊወጣ ይችላል። በእኛ የምግብ አዳራሽ የሚመገብ ተማሪ ደግሞ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ታውቃላችሁ።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ሙከራ እንጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 የታተመ የአሜሪካ አየር ኃይል ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞችን በልዩ ልዩ መታጠቂያ አንጠልጥሎ እስኪበቃቸው ድረስ ጊዜያቸውን ለክቶ ነበር። ደረትንም ጭንንም የሚይዘውን ሙሉ መታጠቂያ የለበሱት በአማካይ ከ14 ደቂቃ በላይ ቆዩ፤ በደረት ብቻ የታሰሩት 6 ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ በወገብ ቀበቶ የተንጠለጠሉት ግን 2 ደቂቃ እንኳ አልሞሉም። እነዚህ ሰዎች አልወደቁም፤ አልደነገጡም፤ ሐኪም በአጠገባቸው ነበር። በአሜሪካ የግንባታ ሥራ ደንብም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ የወገብ ቀበቶ የሚወድቅን ሰው ለመያዝ እንዳያገለግል ተከልክሏል።

ተራራ ወጪዎቹም ቢሆኑ ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። ብዙ ትውልድ የአውሮፓ ተራራ ወጪ ገመዱን እንደ እኛ ከወገቡ ላይ ቋጥሮ ነው የወጣው። እንግሊዛዊው ዶን ዊላንስ በ1970 ለአናፑርና ደቡባዊ ግድግዳ ጉዞ የጭን ማሰሪያ ያለውን መታጠቂያ ካወጣ በኋላ ነው የመቀመጫው ዓይነት በሰፊው የታወቀው። ስለዚህ አላወቅንም ነበር ብለን ብዙ ማፈር የለብንም፤ ካወቅን በኋላ ስድስቱን ከገዛን ግን እናፍራለን።

እዚህ ላይ ለተከራካሪዎቻችን እውነት እንመስክር። የወገብ መታጠቂያ ክፉ ዕቃ ነው ማለታችን አይደለም። ሁሉ ነገር የሚታየው ገመዱ ከየት በኩል ይስባል በሚለው ነው። የመብራት ወይም የስልክ ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ቀበቶውን በምሰሶው ዙሪያ አሳልፎ ወደ ኋላ ሲደገፍ አይታችሁታል። እግሩ ምሰሶውን ረግጧል፤ ቀበቶው የሚስበው ከፊቱ ወደ ምሰሶው ነው፤ ሁለት እጁም ለሥራ ነጻ ነው። ያ የቀበቶው ትክክለኛ ቦታ ነው። ያው የአሜሪካ ደንብ እንኳ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቀበቶውን አልከለከለም።

ከመካከላችን አንዱ በፊልም ያየውን ጨዋታም በዚሁ አጋጣሚ እናንሣ፤ እሱ በዚህ ነገር ሌት ተቀን አላስተኛን ብሏል። ፈረንጆች ካይት ላንድቦርዲንግ ይሉታል። ሰውዬው ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ ይቆማል፤ በረጅም ገመዶች የተያዘ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ በነፋስ ከፍ ብሎ ይስበዋል፤ እሱም በሜዳው ላይ ይበርራል። የክንፉን ስበት በእጁ ብቻ ቢይዝ ስለሚደክም በመታጠቂያ ላይ ያያይዘዋል። እዚያም የእኛው ክርክር አለ፤ ከወገብ ወይስ ከጭን? ክንፉ ዝቅ ብሎ ከፊት ሲስብ የወገቡ ይመቻል፤ ሰውየው እንደ ልቡ ይዞራል፤ ይጠማዘዛል። ክንፉ ከራሱ በላይ ሲወጣና ወደ ሰማይ ሲስበው ግን ያው የወገቡ መታጠቂያ ወደ ጎድኑ ይሸሻል። የመቀመጫው ስበቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ለጀማሪ ይመከራል፤ ነገር ግን ወገብን እንደ ልብ አያዞርም። ጨዋታውን የለመዱት ብዙዎቹ ወገቡን ይመርጣሉ፤ በእነሱ አንፈርድም፤ እግራቸው ሳንቃው ላይ ነው፤ ስበቱም አብዛኛውን ጊዜ ከፊታቸው ነው።

ይህ ወንድማችን አዝመራ ከተነሣ በኋላ የዳባት ሜዳ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ነው ይላል። ይሆናል። ነገር ግን የፊዚክስ ተማሪዎቻችን እንዳሰሉት፣ በደባርቅ ከፍታ፣ ማለት በ2,800 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በዚያው የነፋስ ፍጥነት ክንፉ የሚስበውም በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ወይ ክንፉን ማስፋት፣ ወይ የበለጠ ነፋስ መጠበቅ ነው። ባለገበሬዎቹም በቃርሚያው ላይ ከብት እንደሚያሰማሩ አይርሳ። የክንፉን ነገር ለሌላ ዓመት አቆይተነዋል።

ወደ ገደላችን እንመለስ። በሊማሊሞም ሆነ በስሜን ጠርዝ ሁሉ ሰው ሲወድቅ ገመዱ የሚስበው ከላይ ነው። ከፊትም ከጎንም አይደለም። እግርም የሚረግጠው ነገር ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ክብደቱን የሚቀበለው ወይ ጎድን ነው፤ ወይ ጭንና ዳሌ ነው፤ ሌላ ሦስተኛ ቦታ የለም። ጭንና ዳሌ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ስንቀመጥ የሚሸከሙን ናቸው።

ለነገሩ ይህን ለማወቅ ዊላንስን መጠበቅ አልነበረብንም፤ ሁላችንም ሕፃን ሆነን ተቀምጠንበታል። አንቀልባን አስቡት። እናት ልጇን ከጀርባዋ ስታዝል ወገቡን በገመድ ጠፍራ አታንጠለጥለውም። የለፋው ቆዳ ከመቀመጫው ሥር ገብቶ ይደግፈዋል፤ ልጁ ጭኖቹን ከፍቶ ጀርባዋን አቅፎ ይቀመጣል፤ ጠፍሮቹ በእናቱ ትከሻና ደረት ላይ ይታሰራሉ። በዚያ ላይ ተቀምጦ እንቅልፉን ይተኛል፤ እሷም ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። አንዲት የመምህራን ትምህርት ክፍል እኅታችን ይህን ሰምታ፣ «ታዲያ እናንተ ከሕፃን አንሳችሁ ነው እንዴ በወገባችሁ የተንጠለጠላችሁት?» ብላናለች። መልስ አልነበረንም።

የእኅቶችን ነገር ካነሣን፣ ባለፈው ስብሰባ አንድ ወንድም የጭን ቀለበት ያለው መታጠቂያ ለሴቶች ነውር ይሆናል ብሎ ነበር። የጉዞ ክፍሉን እኅቶች ጠየቅናቸው። ገደል የምንሄደው ሱሪ ለብሰን ነው፤ ከላይ የሚደርበውን እኛ እናውቃለን፤ ሰውየው ስለ ጎድናችን ቢያስብልን ይሻላል ብለው መለሱ። ይህን መልእክት እንድናደርስ አዘውናል፤ አድርሰናል።

የመቀመጫው መታጠቂያ ነቀፋ የለበትም ብለን ግን አናታልላችሁም። አንደኛ፣ በእሱም ቢሆን እግርን ሳያንቀሳቅሱ ብዙ መንጠልጠል አደገኛ ነው፤ ደም በእግር ውስጥ ስለሚቆም ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። የተንጠለጠለ ሰው እግሩን ማወዛወዝ፣ ግድግዳውን መግፋት አለበት፤ ከላይ ያሉትም ቶሎ ማውረድ ወይም ማውጣት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ከባድ ከረጢት በጀርባው የተሸከመ ሰው ቢወድቅ የላይኛው ክብደት ገልብጦ ራሱን ወደ ታች ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ከረጢት አውልቆ ለብቻው በገመድ ማውረድ ነው። ለትንንሽ ልጆችም አይሆንም፤ ዳሌያቸው ገና ስላልሰፋ ሙሉ አካል የሚይዝ ያስፈልጋቸዋል፤ ወንድሞቻችንን ይዘን እንምጣ ያላችሁ ይህን አስቡ። የቀረው ነቀፋ ዋጋው ነው፤ እሱንም ታውቁታላችሁ።

ስለ ቁጥሩ ግን አንድ ነገር እንበል። ስድስት ቢኖረን ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ይታጠቃል እንጂ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ አይወርድም። ያለን ገመድ አንድ ነው! በአንድ ገመድ የሚወርደው አንድ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ከታች ያወልቃል። ሦስት ይበቃል። ማንጠልጠያ ሆኖ በየመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሦስት ትርፍ ቀበቶ ለምን እንገዛለን?

አንዳንዶች ደግሞ ምንም አንግዛ፤ መቀመጫውን ከገመድ ራሳችን እንሥራው ብለዋል። ይቻላል፤ ሠርተንም አይተናል። አራት ሜትር ያህል ጠንካራ ሰፊ ጥብጣብ በወገብ ዙሮ በጭኖች መካከል አልፎ ተመልሶ ሲቋጠር መቀመጫ ይሆናል፤ የቆየ ዘዴ ነው፤ ለክፉ ቀን ማወቁም ደግ ነው። ነገር ግን ጥብጣቡ ለዚሁ ሥራ የተሠራ መሆን አለበት። ከገበያ የሚገዛው የጭነት ገመድ፣ ፀሐይ ያደረቀው የላስቲክ ገመድ፣ የበቅሎ መጫኛ ለሰው አይሆንም። ምን ያህል እንደሚችል አይታወቅም፤ የስሜን ድንጋይ ጠርዝም እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ቋጠሮውንም ስምንት ሰው ስምንት ዓይነት አድርጎ ሲቋጥረው አይተናል። የተገዛው ዘለበቱ አንድ ነው፤ በጨለማም በብርድም ቢሆን ተሳስተው ካልሆነ በቀር አንድ ዓይነት ይዘጋል። ተሳስቶም እንዳይሆን ከመውረድ በፊት ሌላ ሰው በእጁ እየነካ እንዲያየው ደንብ አውጥተናል።

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ብንናገር አታምኑን ይሆናል፤ እኛም ራሳችን በአካላችን እስክንሞክረው ድረስ በሙሉ ልብ አላመንንም። ባለፈው ሳምንት በስፖርት ሜዳው የብረት አግዳሚ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ተውሰን ሰቀልን። ከእግር በታች ሳጥን አኖርን፤ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ቆመ፤ አንዱ ሰዓት ያዘ። በወገቡ የተንጠለጠልነው ሰባት ነን። ከሰባታችን አንድ ደቂቃ የቆየ የለም። ከሁላችን ብርቱ የሆነው የእግር ኳስ ተጫዋቻችን በ40 ሰከንድ ሳጥኑን በእግሩ ሲፈልግ ታየ። በመቀመጫው የተንጠለጠልን ጊዜ ግን ስለ ፈተና እያወራን ተቀምጠን፣ ሰዓት ያዡ ሰልችቶት ውረዱ አለን።

ሐሙስ ከቀኑ በ10 ሰዓት አግዳሚው ሥር እንገኛለን፤ ሳጥኑም ሁለቱም መታጠቂያዎች ይኖራሉ፤ የክሊኒኩ ነርስም ሊመጡልን ቃል ገብተዋል። ስድስቱ ይሻላል ያላችሁ ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣችኋል። ምሳ ከበላችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ኑ፤ ሸሚዛችሁንም በሱሪያችሁ ውስጥ አስገቡ፤ የወገቡ ቀበቶ ሲሸሽ ቆዳ ይልጣል።